ቆጣሪው ውስጥ «ቋ» ያለው ምንድን ነው?

እንጀራው ገና ዓይን ሲያወጣ ምጣዱ ጠፋ። ካርድ አልቋል። አስሞልታችሁ መጥታችሁ ካርዱን ስትሰኩት ከቆጣሪው ውስጥ «ቋ» የምትል አንዲት አጭር ድምፅ ትወጣና ቤቱ ይበራል። ሁላችንም በየጊዜው የምንሰማት ድምፅ ናት። እኔ ግን ከቤት ዕቃ ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው።

ድምፁን የሚያሰማው ሪሌይ ነው፤ ጣት ሳይነካው በኤሌክትሪክ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። ቆጣሪውን ግን እንዳትከፍቱት! ማኅተሙን አትንኩ፤ ውስጡ 220 ቮልት አለ። ነገሩን ጠረጴዛ ላይ በአንድ ባትሪ ማየት ይቻላል።

አንድ ትልቅ ምስማር ውሰዱ። ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሃምሳ ዙር ያህል ጠምጥሙበት፤ የሽቦውን ሁለት ጫፎች በምላጭ ፋቁና 1.5 ቮልት ባትሪ አስነኩት። ምስማሩ አግራፍ ያነሣል። ሽቦውን ከባትሪው ስታላቅቁት አግራፉ ዱብ ይላል። ተራ ሪሌይ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲገባ ብረቱን ይስባል፣ ሲቋረጥ ስፕሪንግ ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

አሁን ደግሞ ሽቦውን ባትሪው ላይ ጥቂት ሰከንድ አቆዩትና በጣታችሁ ዳስሱት። ሞቅ ብሏል። አግራፉ ከተነሣ በኋላ ምንም የተሠራ ሥራ የለም፤ እንደተንጠለጠለ ነው። ባትሪው ግን መክፈሉን አላቆመም። በር እንዳይከፈት ቀኑን ሙሉ በእጅ ገፍቶ እንደመቆም ነው፤ መቀርቀሪያ ቢኖር አንድ ጊዜ ገፋ አድርጎ መሄድ ይቻል ነበር።

ተራ ሪሌይ ይዞ ለመቆየት 1 ዋት ይፈልጋል እንበል። ቆጣሪ ውስጥ ቢገባ ካርዳችሁ እስኪያልቅ ቀንና ሌሊት መያዝ አለበት፤ በዓመት 8.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ለአንድ ቤት ትንሽ ይመስላል። በአንድ ሚሊዮን ቤት ስታበዙት ግን ያለማቋረጥ 1 ሜጋ ዋት የሚበላ፣ ሥራውም መያዝ ብቻ የሆነ ጭነት ነው። በተዘጋች ትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚፈጥረው ሙቀት ሳይቆጠር ነው ይህ።

መፍትሔው ቋሚ ማግኔት ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጡ ሁለት ማግኔቶች ካሏችሁ በመጻሕፍት ደግፋችሁ ፊት ለፊት አቁሟቸው፤ በመካከላቸው አንድ አግራፍ በክር አንጠልጥሉ። ርቀቱን እያጠበባችሁ ስትሞክሩ አግራፉ መሐል ላይ መቆም የሚያቅተው ቦታ ታገኛላችሁ። ወይ ወደ ቀኝ ይጣበቃል፣ ወይ ወደ ግራ። በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ መሐሉን ስታሳልፉት ቀሪውን መንገድ ራሱ ይሄድና ማዶ ላይ ይጣበቃል። እዚያ ለመቆየት ምንም ክፍያ የለበትም። ጉልበት የሚጠይቀው መሻገሩ ብቻ ነው።

ቆጣሪው ውስጥ ያለው ሪሌይ በዚህ ዘዴ ይሠራል። በተለመደው አሠራር በሁለት ቁራጭ ብረቶች መካከል ቋሚ ማግኔት የተቀበረባት፣ የኤች ፊደል ቅርጽ ያላት ትንሽ ተወዛዋዥ አለች። አጠገቧ ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት አለ። ቆጣሪው ወደ ሽቦው አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ከሰከንድ ክፍልፋይ አትበልጥም። በዚያች ቅጽበት ብረቱ አንዱን ጎን ይገፋል፣ ሌላውን ይስባል፤ ተወዛዋዧ ትገለበጥና «ቋ!» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚይዛት ማግኔቱ ብቻ ነው። ካርድ ሲያልቅ ተመሳሳይ ምት በተቃራኒ አቅጣጫ ይላካል፤ ተወዛዋዧ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ የቤቱ መብራት ይጠፋል።

ተወዛዋዧ የምታንቀሳቅሰው ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙና የሚለያዩ፣ ጫፋቸው በብር ቅይጥ የተሠራ ኮንታክቶችን ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ያሳልፍባቸዋል፤ ያለ ማቋረጥ አጥብቆ የሚያገናኛቸው ያ የማግኔቱ ነፃ ጉልበት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ መብራት እስኪሄድ ጠብቁ። መብራት ሲሄድም ሲመጣም ሪሌዩ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም፤ ማግኔት መብራት መሄዱን አያውቅማ! ስታቢላይዘር ካላችሁ ግን እሱን አዳምጡት። ውስጡ ያሉት ተራ ሪሌዮች ኃይል ሲወርድና ሲወጣ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

ይኸው ዘዴ ሌላም ቦታ አለ። ሆቴል ወይም ኤርፖርት ውስጥ እጅ ሲቀርበው ውኃ የሚለቅ ቧንቧ አይታችኋል። ብዙዎቹ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠሩት። ጆሯችሁን ጠጋ ብታደርጉ ሲከፈት አንድ ቲክ፣ ሲዘጋ ሌላ ቲክ ትሰማላችሁ፤ በመካከሉ ዝም ነው። አንዷ ምት ከአንድ ጁል በታች ስትፈጅ፣ አንድ ጥሩ አልካላይን ባትሪ ከ10,000 ጁል በላይ ይይዛል። ባትሪው ዓመታት የሚቆየው ለዚህ ነው።

እንግዲያው ሁሉም ነገር በዚህ ለምን አይሠራም? ወፍጮ ቤት ሂዱና እዩ። ሞተሩን የሚያስነሣው ኮንታክተር (ትልቅ ሪሌይ ማለት ነው) ተራው ዓይነት ነው፤ መብራት ሲሄድ «ጧ» ብሎ ይለቃል። መብራት ሲመለስም አረንጓዴው ቁልፍ ካልተጫነ ሞተሩ አይነሣም። በመሐሉ ሠራተኛው ቀበቶውን ለማስተካከል እጁን አስገብቶ ሊሆን ይችላልና፣ ሞተሩ የነበረበትን ሁኔታ «ቢያስታውስ» እጅ ይበላ ነበር። እዚያ የሚያድነው መርሳቱ ነው። ስለዚህ ባለሙያ አንዱን ከሌላው ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መብራት ቢሄድ ምን እንዲሆን እፈልጋለሁ?» ብሎ ነው።

እጃችሁ ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ከሆነና እንዲህ ያለ በማግኔት የሚቆለፍ ሪሌይ ከገዛችሁ፣ ከመግጠማችሁ በፊት በቴስተር ለኩት። መንገድ ላይ ወድቆ ወይም ተንገጫግጮ ከሆነ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል፤ ክፍት ይሁን ዝግ ከውጭ ዓይቶ መለየት አይቻልም። አንድ ምት ሰጥታችሁ ወደምትፈልጉት ጎን አዙሩትና ከዚያ ግጠሙት።