ስለ ባሕር መጥለቅ ከፍተኛ ትምህርት ቦታ አመራረጥ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ቃል ዛሬ ለያዝነው ርእስ በሁለት በኩል ይስማማዋል፤ ነገሩ ራሱ ስለ ውሃ ነውና። የታመቀ አየር በሲሊንደር ሞልቶ በጀርባ ተሸክሞ፣ ከአፍ በሚያዝ መተንፈሻ እየተነፈሱ ከባሕር በታች መዋኘት ስኩባ ይባላል። ይህ ጥበብ ለብዙ ሰው የተከፈተው ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 በአውሮፓ አቈጣጠር አስተማማኝ መተንፈሻ ከሠሩ ወዲህ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ዛሬ ለጉባኤ ወደ ሻርም ኤል ሼክ የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በእስራኤል ወይም በዱባይ የሚኖር የአገራችን ልጅ፣ ለዕረፍቱ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ትምህርት በቅርብ ያገኘዋል። የመጀመሪያውን ደረጃ የፈጸመ ሰውም ብዙ ሳይቆይ «ከፍተኛ የሚባለውን ትምህርት ወዴት ሄጄ ልማር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መልሱን በአጭሩ ለመናገር፣ ቦታውን ሊመርጥልን የሚገባው የባሕሩ ውበት ወይም የዋጋው መርከስ አይደለም። ሊመርጥልን የሚገባው ወደፊት ልንጠልቅበት የምናስበው የውሃ ዐይነትና የሚያስተምረን ሰው ነው። ምክንያቱን እንደሚከተለው እንመረምራለን።

በመጀመሪያ «ከፍተኛ» የሚለው ቃል እንዳያስተን መጠንቀቅ ያሻል። በ1966 በአሜሪካ የተቋቋመውና በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው ፓዲ የተባለው ድርጅት በዚህ ስም የሚሰጠው ትምህርት አምስት ጊዜ መጥለቅን ብቻ የያዘ ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ግዴታ ናቸው፤ እነርሱም ጥልቅ መጥለቅና በኮምፓስ አቅጣጫ እየለዩ መሄድ ናቸው። የቀሩትን ሦስቱን ተማሪው ራሱ ይመርጣል፤ የሌሊት መጥለቅ፣ የሰመጠ መርከብ መጐብኘት፣ ከጀልባ መጥለቅና ሌላም ይገኝበታል። ይህን የፈጸመ ሰው የተፈቀደለት የጥልቀት ወሰን ከ18 ሜትር ወደ 30 ሜትር ከፍ ይላል። በ1970 የተቋቋመው ኤስ ኤስ አይ ግን ተመሳሳዩን ስም የሚሰጠው አራት ልዩ ልዩ ትምህርቶችን ለፈጸመና 24 ጊዜ ለጠለቀ ሰው ነው። እንግዲህ የምስክር ወረቀቱ ስም አንድ ሲሆን ከበስተኋላው ያለው ልምድ እጅግ የተለያየ ሊሆን ይችላል። እኛ የቢሮ ሰዎች ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማክበር ልማዳችን ነው፤ ባሕር ግን የምስክር ወረቀት አያነብም።

ከ18 ሜትር ወደ 30 ሜትር መውረድ የ12 ሜትር ልዩነት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ መካከል ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ።

አንደኛው አየር ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል፤ ስለዚህ በ30 ሜትር ላይ ያለው ግፊት በምድር ካለው አራት እጥፍ ነው። ጠላቂው በያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበውም አየር በዚያው መጠን የታመቀ ይሆናል። በውሃው ፊት ላይ 80 ደቂቃ የሚያቈይ ሲሊንደር በ10 ሜትር ጥልቀት 40 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር ጥልቀት ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ ያቈያል ማለት ነው። የደነገጠና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ከዚህም ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ከምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ክፍል ናይትሮጂን ነው፤ ግፊቱ በበረታ ቍጥር ይህ ጋዝ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው በዝግታ ሲወጣ ጋዙ በሳንባ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ቸኩሎ ሲወጣ ግን የለስላሳ ጠርሙስ በተከፈተ ጊዜ እንደሚሆነው ሁሉ አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ነርቭን ይጐዳል፣ አንዳንድ ጊዜም ይገድላል። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ይህን በፍየሎች ላይ መርምሮ በ1908 የመጀመሪያውን የአወጣጥ ሠንጠረዥ አሳተመ። በፓዲ ሠንጠረዥ መሠረት በ18 ሜትር ላይ ያለ ሰው በመንገድ ላይ የግድ ሳይቆም ለመውጣት እስከ 56 ደቂቃ ሊቈይ ይችላል፤ በ30 ሜትር ላይ ያለ ግን 20 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሦስተኛው አእምሮ ነው። ከ30 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ናይትሮጂን እንደ መጠጥ ያሰክራል። አንዱን ያስቀዋል፤ ሌላውን ያስፈራዋል፤ ሌላውን ደግሞ የአየር መለኪያውን አይቶ ቍጥሩን እንዳያስተውል ያደርገዋል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ደግነቱ ወደ ላይ ጥቂት ሜትር ከፍ ሲሉ ስካሩ ወዲያው ይጠፋል፤ ይህን ግን አስቀድሞ ያወቀና በመምህር ፊት የተለማመደ ሰው ብቻ በጊዜው ያስታውሰዋል።

እንግዲህ ትምህርቱ እነዚህን ሦስት ነገሮች በእጅ ለማስጨበጥ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ቦታውን ስንመርጥ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከትምህርቱ በኋላ የት ልጠልቅ ነው?» የሚል ይሆናል። ለእኛ ቅርብ ከሆነው ከቀይ ባሕርና ከአካባቢው ምሳሌ እንውሰድ።

በሲና ምድር የምትገኘው ዳሃብ ከባሕር ዳር በእግር ተገብቶ የሚጠለቅባት ከተማ ናት። ውሃው ጥሩ ነው፤ ኮራል የተባለው የባሕር ድንጋይ እንደ ግድግዳ ቆሞ አቅጣጫ ያሳያል፤ ተማሪው አንዱን ልምምድ ደጋግሞ ሊሠራው ይችላል። ኮምፓስና የሰውነትን ሚዛን ለመማር የተመቸች ናት። ነገር ግን ብሉ ሆል የተባለው ጥልቅ ጕድጓድ ከዚያው አጠገብ ነው፤ ከ50 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ላይ ያለውን የድንጋይ ቅስት ለማለፍ ሲሞክሩ ብዙ ጠላቂዎች ሞተዋል፤ የመታሰቢያ ጽላቶቻቸውም በዳር ባለው ድንጋይ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ከፍተኛ ትምህርት የፈጸመ ሰው የተፈቀደለት 30 ሜትር መሆኑን እዚያ ቆሞ ማስታወስ ይገባዋል።

ሻርም ኤል ሼክና ሁርጋዳ ግን በአብዛኛው የጀልባ አገሮች ናቸው። በ1941 በጀርመን አይሮፕላኖች ተመትታ የሰመጠችው ቲስልጎርም የተባለች የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ከሁለቱም ከተሞች በጀልባ ትጐበኛለች፤ የጫነቻቸው ሞተር ብስክሌቶችና የጭነት መኪናዎች እስከ ዛሬ በውስጧ ይታያሉ። የተኛችው 30 ሜትር ያህል በሚጠልቅ ቦታ ላይ ሲሆን፣ በዚያ የሚገፋው የውሃ ኀይል ብዙ ጊዜ ብርቱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት የሚመኝ ሰው ከጀልባ መግባትንና በገመድ ተይዞ መውረድና መውጣትን በዚያው አካባቢ ቢማር ይሻለዋል፤ በጸጥተኛ ባሕር ዳር ብቻ የተማረ ሰው እዚያ ሲደርስ አዲስ ተማሪ ይሆናልና።

በእስራኤል ለሚኖሩ ወገኖቻችን ኤላት ቅርብ ናት። የባሕር ዳርቻዋ አጭር ቢሆንም ለጠላቂዎች ተብሎ የሰመጠ ሳቲል የተባለ የጦር ጀልባ አላት። በዚያ አገር የመዝናኛ መጥለቅን የሚመለከት ሕግ ከ1979 ጀምሮ አለ፤ ጠላቂው የመድን ዋስትና ይጠየቃል፤ ከስድስት ወር በላይ ያልጠለቀም በመምህር ፊት እንዲለማመድ ይደረጋል። ይህ ደንብ ለሚቸኵል ሰው አስቸጋሪ ይመስላል፤ ለሕይወቱ ለሚያስብ ግን መልካም ጠባቂ ነው።

ጅቡቲ ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በሚታየው ግዙፍ የዓሣ ነባሪ ሻርክ ትታወቃለች። ይህን ዓሣ የሚስበው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ሕይወት ነው፤ ያው ደቃቅ ሕይወት ውሃውን ያደፈርሰዋል። ስለዚህ ጅቡቲን ለማየት የሚመርጥ ሰው ጓደኛውን በሩቅ የማያይበትን ውሃ መልመድ አለበት። በስዊድን ወይም በእንግሊዝ አገር የሚኖር ሰውም በዚያው በቀዝቃዛና በጨለማ ውሃ ሊጠልቅ ካሰበ፣ ትምህርቱን በሞቃቱ ቀይ ባሕር መፈጸሙ ብቻ አይበቃውም፤ ወፍራሙ ልብስ፣ ከባዱ ክብደትና የደነዘዘው ጣት ሌላ ትምህርት ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መምህሩ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ስሙ የታወቀ ቢሆን በዚያ ቀን የሚያስተምረን ማን እንደ ሆነ አያረጋግጥልንም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል አስቀድሞ የሚከተለውን በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ይዞ ይወርዳል? ከአራት ባይበልጡ ይመረጣል። የሚያስተምረው እኛ በደንብ በምንሰማው ቋንቋ ነውን? ከመጥለቁ በፊትና በኋላ ተቀምጦ ያስረዳልን? አምስቱን መጥለቅ በስንት ቀን ያስፈጽማል? በሁለት ቀን አጣድፎ የሚጨርሰው ሰው ወረቀቱን በቶሎ ይሰጠናል፤ ልምዱን ግን ሊሰጠን አይችልም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ። ከመነሣታችን በፊት እንደ ገና በጥልቀት በሌለው ውሃ ይፈትነናልን? የሚፈትን መምህር እኛን ለማሳፈር ሳይሆን የጐደለንን ለማወቅ ነውና ልንሸሸው አይገባም።

ሦስተኛው ጥያቄ አደጋ ቢደርስ ስለሚደረገው ነው። በጀልባው ላይ ንጹሕ ኦክሲጂን አለን? ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው እርዳታ እርሱ ነውና። በግፊት የሚታከሙበት ክፍል ያለው ሐኪም ቤት በስንት ሰዓት ይደረሳል? የመድን ዋስትናችንስ የመጥለቅን ሕክምና ይሸፍናልን? ለብዙ ቀን በባሕር ላይ በሚያሳድሩ መርከቦች ለመሄድ የሚያስብ ደግሞ የሕይወት ማዳኛው ጃኬት የት እንዳለ፣ ከመኝታ ክፍሉ የሚያወጣው ሁለተኛ በር የቱ እንደ ሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ይጠይቅ። በኅዳር 2024 በግብጽ በማርሳ ዓለም አቅራቢያ እንዲህ ያለ መርከብ ሰጥሞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ዋጋው የረከሰበት ምክንያት ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተቈጥቦ ከሆነ፣ ያ ርካሽ እጅግ ውድ ነው።

በመጨረሻ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ብቻ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ከመጥለቅ በኋላ በአይሮፕላን መሄድ አደገኛ ነው፤ በከፍታ ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጂን አረፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀን ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቈይ ይመከራል። ሌላው መንገደኛ ከአይሮፕላን ሲወርድ ወደ ባሕር ዳር አገሩ ይመለሳል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ይህም በበረራ ጊዜ በአይሮፕላን ውስጥ ከሚጠበቀው ግፊት ብዙም አይለይም። ለእኛ መውረዱ ዕረፍት አይሆንም ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን፣ ማለት 24 ሰዓት፣ ቢቈዩ ይበልጥ ይጠቅማል። ከጅቡቲ በባቡር ወይም በመኪና የሚመለስም «እኔ አልበረርሁም» ብሎ አይዘናጋ፤ የሚወጣው ከፍታ ያው ነው። እንደዚሁም ብዙ ምእመናን በሲና ምድር ሳሉ ደብረ ሲናን ሊሳለሙ ይወዳሉ፤ የተራራው ጫፍ 2,285 ሜትር ነው። ዳሃብ ላይ ጠልቆ በዚያው ሌሊት ተራራውን መውጣት አይገባም፤ ተራራውን አስቀድሞ፣ ባሕሩን አስከትሎ ማድረግ ግን ይቻላል።

እንግዲህ፣ ክቡር አንባቢ፣ ወረቀትና እርሳስ ይያዙና አስቀድመው ወደፊት ሊያዩት የሚመኙትን ባሕር ይጻፉ፤ ከሥሩ የመምህሩን ነገር፣ ቀጥሎም የኦክሲጂኑንና የሐኪም ቤቱን፣ በመጨረሻም የመመለሻውን ቀን ይጻፉ። የመመለሻ ትኬትዎን የሚቈርጡት ከመጨረሻው መጥለቅ አንድ ቀን አርቀው ይሁን። ለነዚህ ሁሉ መልካም መልስ የሚሰጥዎ ቦታ ከተገኘ፣ በካርታ ላይ ስሙ ቢገንም ባይገንም፣ ትምህርትዎን የሚፈጽሙት እዚያ ነው።