ያውቁ ኖሯል? የኤንትሬ ጋቢና
ፊያት 682 የጭነት መኪና በኢጣሊያ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት 682 ኤን3 ደግሞ ተሳቢ ጎትቶ ከአዳማ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ ወደብ ሲመላለስ ኖሯል።

ምቾቱን አያንሱት! ሞተሩ ያለው ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ነው። ክዳኑ ይግላል፤ ድምፁ ያደነቁራል። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው አዳማ ወደ አፋር ቆላ ሲወረድ መስኮት ቢከፈትም የሚገባው ትኩስ ነፋስ ነው።

ማርሹም በዋዛ አይገባም። ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ረግጦ ዜሮ ማድረግ፣ ለቆ ነዳጅ መስጠት፣ እንደገና ረግጦ ማስገባት ግድ ነበር። ያልለመደ ሾፌር ከሩቅ ይታወቃል፤ ካምቢዮውን ያስጮኸዋላ።