አኩፓንክቸርና አስም፤ እፎይታና የአየር ቧንቧ መከፈት አንድ ናቸውን?

በየአጥቢያው በምናካሂዳቸው የጤና ምክክሮች ላይ ከሰበካ ጉባኤ አባላትም ከካህናትም ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፤ «አስም በቻይና መርፌ ይድናል ይባላልና እውነት ነውን?» የሚል ነው። ጥያቄው ከወሬ ብቻ የመጣ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የሚያገለግሉ የቻይና ሐኪሞች አኩፓንክቸር የተባለውን ይህን ሕክምና ሲሰጡ ቆይተዋልና፣ ሰው ቢጠይቅ አያስደንቅም። እኛም ከሕክምና ጥናቶች ያገኘነውን እናካፍላችኋለን።

አስቀድሞ የሕመሙን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ብዙዎቻችን አስምን የምናውቀው ሲነሣ ብቻ ነው፤ ደረት ሲጨነቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሲሰማ። ይሁን እንጂ ሕመሙ የሚነሣና የሚተኛ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ አይተኛም። ይኸውም ሐኪሞች ብግነት የሚሉት የአየር ቧንቧዎች የውስጥ ግድግዳ ዘላቂ መቆጣት ነው። የተቆጣው ግድግዳ ያብጣል፤ አክታም ይበዛበታል፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ደግሞ በአቧራ፣ በምድጃ ጢስ፣ በብርድ ወይም በጉንፋን ምክንያት በቀላሉ ይኮማተራል። የዕጣን ጢስ የሚቀሰቅስባቸው ምእመናንም ስላሉ ካህናት ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455,000 ሰዎች በዚሁ ሕመም ሞተዋል።

ሕመሙ እንዲህ በመሆኑ ዋናዎቹ መድኃኒቶችም ሁለት ዓይነት ሥራ አላቸው። በአፍ የሚሳበው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ መቆጣቱን ግን አያበርድም። መቆጣቱን የሚያበርዱት እንደ ቤክሎሜታዞን ያሉ፣ እንዲሁ በአፍ የሚሳቡ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ናቸው። ሥራቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ሐኪም ያዘዘለት ሰው ደኅና ነኝ በሚልበት ቀንም ሳያቋርጥ ሊወስዳቸው ይገባል። ሰው የሚሰንፈውም በዚህኛው ነው። እንግዲህ አኩፓንክቸር ከእነዚህ ሥራዎች የትኛውን ይሠራል?

መርፌ ሲባል በጤና ጣቢያ የምናውቀው የመድኃኒት መርፌ እንዳይመስለን። ይህ እጅግ የቀጠነ፣ ቀዳዳ የሌለው መርፌ ነው፤ ወደ ሰውነት የሚያስገባው መድኃኒት የለም። ለአስም ከሚመረጡት ቦታዎች አንዱ ከአንገት በታችኛው አከርካሪ አጥንት ጎንና ጎን ያለው ሲሆን ቻይናውያን «ዲንግቹዋን» ይሉታል፤ ማለክለክን የሚያረጋጋ እንደ ማለት ነው። «ፌይሹ» የተባለው ሌላው ቦታ በላይኛው ጀርባ ላይ ይገኛል። ጥንታዊው የቻይና ትምህርት መርፌው «ቺ» የተባለውን የሕይወት ኃይል ፍሰት ያስተካክላል ይላል። ይህን ትምህርት መቀበል ሳያስፈልግ መርፌው የሚያመጣውን ውጤት መመርመር ይቻላል፤ የዘመኑ ተመራማሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በሻንጋይ ያሉ ሳይንቲስቶች በአኩፓንክቸር በታከሙ አይጦች ላይ ካደረጉት ምርምር ተነሥተው፣ ሜታሎታዮኒን-2 የተባለ ፕሮቲን የአየር ቧንቧን ጡንቻ እንደሚያላላ እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። በሌሎች የእንስሳት ጥናቶችም በተቆጣ ሳንባ ውስጥ የሚከማቹት ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ከመርፌው በኋላ ቀንሰው ታይተዋል። ይህ የሚናቅ ግኝት አይደለም። ነገር ግን በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው አይደገምም።

በሰው በኩል ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ፣ በቦስተን የተደረገው ጥናት ነው። 39 የአስም ሕሙማን በየተራ አራት ነገር ተደረገላቸው፤ አንድ ጊዜ እውነተኛውን ሳልቡታሞል፣ አንድ ጊዜ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ መሳቢያ፣ አንድ ጊዜ ቆዳ የማይበሳ የማስመሰያ መርፌ ተሰጣቸው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይደረግላቸው እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያም ምን ያህል እንደተሻላቸው ተጠየቁ። በሳልቡታሞል 50 በመቶ፣ በባዶው መሳቢያ 45 በመቶ፣ በማስመሰያው መርፌ 46 በመቶ መሻሻል ተናገሩ፤ ምንም ባልተደረገላቸው ጊዜ ግን 21 በመቶ ብቻ። ቀጥሎ በአንድ ሴኮንድ በኃይል የሚያስወጡት አየር በመሣሪያ ሲለካ፣ ሳልቡታሞል በ20 በመቶ ያህል ከፍ አድርጎታል፤ ሦስቱ ግን ማስመሰያው መርፌም ጭምር በ7 በመቶ ገደማ ብቻ። ሕሙማኑ አልዋሹም፤ በእርግጥ ቀልሏቸዋል። ቧንቧቸው ግን እንደተሰማቸው ያህል አልተከፈተም።

ጥናቱ እውነተኛውን አኩፓንክቸር አልፈተነም። ያሳየን ነገር «ተሻለኝ» የሚለው ቃል ብቻውን በአስም ጉዳይ በቂ ምስክር አለመሆኑን ነው። እውነተኛውን መርፌ የፈተኑ 12 ጥናቶችንና 350 ተሳታፊዎችን የመረመረው የኮክሬን ግምገማም ሕክምናውን ለአስም ለመምከር የሚበቃ ማስረጃ አላገኘም። በጀርመን በተደረገ ሰፊ ጥናት ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ለሦስት ወራት መርፌውን የወሰዱ ሕሙማን ኑሯቸው እንደቀለለ ተናግረዋል፤ በማስመሰያ መርፌ ግን አልተነጻጸሩም።

በእኛ አስተያየት መርፌውን እንደ ተጨማሪ የሚወስድን ሰው መከልከል አይገባም፤ መረጋጋትም ለተጨነቀ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። አደጋው ያለው፣ ቀለለኝ ያለው ሰው የተቆጣ ቧንቧውን ይዞ መድኃኒቱን ሲተው ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ይቅደም። አኩፓንክቸር የሚወስድ ሰውም ወደ ሠለጠነ ባለሙያ ይሂድ። በላይኛው ጀርባ ሳንባ ከቆዳው ብዙም ስለማይርቅ፣ ጠልቆ የገባ መርፌ ሳንባን ሊበሳና አየር በደረት ውስጥ እንዲጠራቀም ሊያደርግ ይችላል። መርፌው ከታሸገበት በፊቱ የተከፈተና ከአንድ ጊዜ በላይ የማያገለግል መሆኑንም ይመልከት፤ ያገለገለ መርፌ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋልና።

በጉባኤም ሆነ በቅዳሴ መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ወይም ሳልቡታሞል ስቦ ያልተሻለው ሰው ብታገኙ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የጤና ተቋም የሚወስደው ተሽከርካሪም ወዲያው ይፈለግለት። መድኃኒቱን በመንገድ ላይም እየሳበ ይሂድ።