ኦስቲዮፓቲ፦ እጅ የሚችለውና የማይችለው

እግሩ ወለም ያለው ሰው ወጌሻ ዘንድ ሲሄድ፣ ወጌሻው መጀመሪያ የሚያደርገው መዳሰስ ነው። በአውራ ጣቱ ጅማቱን እየተከተለ የታማሚውን ፊት ያያል፤ ፊቱ የተጨማደደበት ቦታ ላይ ይቆማል። ኦስቲዮፓቲ የሚባለው ሕክምናም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። እጅ መመርመሪያውም ማከሚያውም ነው።

ሙያውን የመሠረተው አሜሪካዊው አንድሩ ቴይለር ስቲል ነው። በ1864 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማጅራት ገትር ሦስት ልጆቹን ነጠቀው። የዘመኑ ሕክምና ደም ማፍሰስ፣ ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒትና ኦፒየም ነበርና ስቲል በሕክምናው ላይ የነበረውን እምነት አጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ የራሱን መንገድ አስታወቀ፤ በ1892 ደግሞ በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሐሳቡ አጭር ነበር፦ አጥንትና ጡንቻ ቦታቸውን ሲስቱ የደምና የነርቭ መንገድ ይታወካል፤ ያ ከተስተካከለ ሰውነት ራሱን ያድናል።

በሽታ ሁሉ ከዚህ ይነሳል የሚለው ግምት አልጸናም። ማጅራት ገትርን የሚያመጡት በዋናነት ባክቴሪያና ቫይረስ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ የትኛውም እጅ አሽቶ አያወጣቸውም። የሰለጠነ እጅ የወገብን ሕመም ሊያስታግስ ይችላል የሚለው ግን ጸንቶ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ሙያው ለሁለት ተከፈለ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶቹ መድኃኒትንና ቀዶ ሕክምናን እየጨመሩ ሄዱ። ዛሬ እዚያ ከስሙ ቀጥሎ «ዲ.ኦ.» የተጻፈለት ሰው ሙሉ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ጥገና ያደርጋል። ዋሽንግተን ያለ ወገናችን በሐኪሙ በር ላይ ይህን ቢያነብ የተለመደው የሐኪም ማዕረግ «ኤም.ዲ. አይደለም» ብሎ መሥጋት የለበትም። በብሪታንያ ግን የስቲል ተማሪ የነበረው ጆን ማርቲን ሊትልጆን በ1917 ለንደን ውስጥ ያቋቋመው ትምህርት ቤት የእጅ ሕክምናውን ብቻ ይዞ ቀጠለ። እዚያ ኦስቲዮፓት በ1993 በወጣ ሕግ የሚመዘገብ ባለሙያ እንጂ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አይደለም።

ሕክምናው ራሱ ምን ይመስላል? ባለሙያው የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፤ ሲቆሙ፣ ሲያጎነብሱ፣ ሲዞሩ ያያል፤ ከዚያ ይዳስሳል። ጡንቻ ያሻል፣ መገጣጠሚያን ቀስ ብሎ ያንቀሳቅሳል፣ ወይም ታማሚው የባለሙያውን እጅ እንዲገፋ አድርጎ ጡንቻው ሲላላ ጥቂት ይስበዋል። አንዳንዴ በፈጣንና አጭር ግፊት «ቋ» ያደርጋል። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ «ገባልኝ» ይላል። ድምፁ ግን ከአጥንት ሳይሆን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለ ጋዝ የሚመጣ ነው፤ ወጥቶ የነበረ አጥንት ተመለሰ ማለት አይደለም።

ጥቅሙ በተሻለ ማስረጃ የተደገፈው ለወገብ ሕመም ነው፤ እሱም መጠነኛ ነው። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ የእጅ ሕክምናን ለወገብ ሕመም የሚፈቅደው ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ከተጣመረ ብቻ ነው። የራስ ቅል አጥንቶችን በመነካካት ሌላ ሌላ በሽታ እናድናለን የሚለው ዘርፍ ግን ጠንካራ ማስረጃ የለውም።

እጅ ጨርሶ መንካት የሌለበት ጊዜም አለ። ከወገብ ሕመሙ ጋር ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም እግር ከዛለ ቦታው ድንገተኛ ክፍል ነው። አጥንቱ የሳሳ፣ ካንሰር ያለበት ወይም ከአደጋ በኋላ ስብራት የሚጠረጠርበት ሰው አስቀድሞ በሐኪም መታየት አለበት። አንገትን በድንገት ማዞር ደግሞ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ከደም ሥር መቀደድና ከስትሮክ ጋር ተያይዞ ተመዝግቧል።

ስለዚህ የባለሙያውን ችሎታ በ«ቋ» ድምፅ አይለኩ። ከመንካቱ በፊት ስለ ሽንትዎ፣ ስለ ክብደት መቀነስ፣ ስለ ወደቁበት ቀን ከጠየቀዎት፣ ለእጁ የማይሆነውን ሕመም እየለየ ነው። ሳይጠይቅ ማሸት ከጀመረ ተነሥተው ልብስዎን ይልበሱ።