እውነት ወይስ ተረት? «ሯጭ ገና በልጅነቱ ያስታውቃል»

በሰቆጣም ሆነ በአምደወርቅ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ፣ መምህራንና አሠልጣኞች ከታዳጊዎቹ መካከል ለክለብ የሚበቃውን መለየት ይጠበቅባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚዳኙት ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ እምነት ነው። እምነቱ ሲሳሳት ተጎጂው ልጁ ነውና እንፈትሸው።

ተረት፦ የደጋ ልጅ ሲፈጥረው ሯጭ ነው።

እውነቱ፦ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ከፍታ ላይ መሠልጠንም ለረጅም ርቀት ይጠቅማል። ዋስትና ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምሮ ነበር። በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም አልተለየም። የደጋን ከፍታ ሚሊዮኖች ይጋሩታል፤ ለድል የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ከአበርገሌ ቆላ የመጣውም ልጅ ሳይሞከር አይመለስ።

ተረት፦ ሯጭ በቁመቱና በእግሩ ርዝመት ይታወቃል።

እውነቱ፦ በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ፣ በ10,000 ሜትር፣ አጭሩ ኃይሌ ገብረሥላሴ ረጅሙን ኬንያዊ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። ሁለቱም በዘመናቸው ወደር ያልነበራቸው ነበሩ።

ተረት፦ በልጅነቱ ያልቀደመ፣ በኋላም አይቀድምም።

እውነቱ፦ በልጅነት ቀድሞ እስከ መጨረሻው የዘለቀ አለ። ለተሰንበት ግደይ በ2015 እና በ2017 የዓለም ወጣቶች አገር አቋራጭ አሸናፊ ነበረች፤ በ2020 የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ማሞ ወልዴ ግን በ1956 ሜልቦርን ላይ በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ36 ዓመቱ፣ ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ አጠለቀ። በቅርጫት ኳስም እንዲሁ ነው፦ ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች በ2014 በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የተጠራው 41ኛ ሆኖ ነው፤ በ2021፣ በ2022 እና በ2024 የሊጉ ኮከብ ተብሏል።

በ14 ዓመቱ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ቀድሞ የጎለመሰው ነው። እኩዮቹ ሲያድጉ ብልጫው ሊጠብ ይችላል።

ታዲያ ምን ይታይ?

ሁለት ልጃገረዶች 1,500 ሜትር ሮጡ እንበል። አንደኛዋ ሦስት ዓመት ሠልጥናለች፤ ሁለተኛዋ ሦስት ወር ብቻ ሠልጥና በአራት ሰከንድ ተቀደመች። ደረጃውን ብቻ የሚያይ አሠልጣኝ የመጀመሪያዋን ይዞ ይሄዳል። እኔ ሁለተኛዋ አብራ ትመረጥ እላለሁ፤ በሦስት ወር እዚህ ከደረሰች ገና ብዙ የምታሻሽለው አላት። ስለዚህ አሠልጣኙ በመዝገቡ ከሰዓቱ ጎን ዕድሜን፣ የሥልጠና ጊዜን፣ እንዲሁም ልጁ ያለፈውን ዓመት ሰዓቱን በስንት እንዳሻሻለ ይጻፍ። ዘንድሮ ያልተመረጠውንም ልጅ በስሙ ጠርቶ «ለከርሞ ና፤ እንደገና እናይሃለን» ይበለው።