አዲስ ሃርድ ዲስክን ከሥራ በፊት ስለ መመርመር

አንድ አስተዋይ የመዝገብ ቤት ሹም አዲስ ጸሓፊ ሲመጣለት የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አያስረክበውም፤ አስቀድሞ ይፈትነዋል። አዲስ ሃርድ ዲስክን ግን ብዙዎቻችን ከካርቶኑ እንዳወጣነው ሳንፈትን እናምነዋለን። በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው ይህ እምነት ስለሚያስከትለው ጉዳትና ስለ መከላከያው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ካቀረበ ወዲህ የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም። ይኸውም የማግኔት ባሕርይ ያለው ነገር የተቀባ ሰሌዳ ይሽከረከራል፤ የማንበቢያውና የመጻፊያው ራስም ሳይነካው እጅግ ቀርቦ በላዩ ይንሳፈፋል። በተለመዱት ዲስኮች ሰሌዳው በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። እንዲህ ያለ ረቂቅ መሣሪያ ከፋብሪካ ጉድለት ይዞ ሊወጣ ወይም በጉዞ ላይ ወድቆ ሊጐዳ ስለሚችል፥ አዲስ መሆኑ ብቻ ለጤንነቱ ማስረጃ አይሆንም።

ምርመራው ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ፥ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን «ስማርት» የተባለ የጤና መዝገብ ክሪስታልዲስክኢንፎን በመሰለ ፕሮግራም አንብቦ ቍጥሮቹን መጻፍ ነው። ሁለተኛው፥ ስማርትሞንቱልስ በተባለው ፕሮግራም ዲስኩ ራሱን በረጅሙ ፈተና እንዲመረምር ማዘዝ ነው። ሦስተኛው፥ ዲስኩ ገና ባዶ ሳለ ከዳር እስከ ዳር ጽፎ መልሶ ማንበብ ነው። በሊኑክስ ባድብሎክስ የተባለው ፕሮግራም ይህን በአራት ዓይነት ምልክት ይፈጽማል። 4 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ቢሠራ፥ አራቱ የመጻፍና አራቱ የማንበብ ዙሮች በጠቅላላው 60 ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ይህ ፈተና በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፥ ሰነድ ባለበት ዲስክ ላይ ከቶ አይደረግም፤ የሚፈተነውም ዲስክ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ይረጋገጣል።

ከዚህ በኋላ የጤናው መዝገብ እንደ ገና ይነበባል። ሴክተር ከሚባሉት የማስቀመጫ ክፍሎች መካከል ተበላሽተው የተተኩ ወይም ለመነበብ ያስቸገሩ መኖራቸው ከተገለጠ፥ ዲስኩን ከነደረሰኙ ለሻጩ መመለስ ነው እንጂ «ጥቂት ነው» ብሎ ማቆየት አይገባም። መዝገቡ የማስተላለፍ ስሕተት ብቻ ቢያሳይ ግን ጥፋቱ የገመዱ ሊሆን ስለሚችል፥ ገመዱን ለውጦ ደግሞ መፈተን ይሻላል።

ፈተናን ማለፍ ለዘለዓለም አለመበላሸት አይደለምና፥ ሰነዱ በሌላ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ሊኖረው ይገባል። ሻጭ የተበላሸውን ዲስክ በአዲስ ሊለውጥ ይችላል፤ በላዩ የነበረውን የአንድ ጡረተኛ የአገልግሎት ማስረጃ ግን ሊመልስ አይችልም።