የሜርሜድ ጅራት በሻንጣ ይመጣል፤ ውሃው ግን አይመጣም

ዱራሜ ተራራ እንጂ ሐይቅ የላትም። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ፊት ለፊት የሚታየው አምባሪቾ ነው። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ስለዚህ እዚያ ላደገ ሰው ዋና ብዙውን ጊዜ ከእረፍት ጋር የሚመጣ ነገር ነው፤ በአላባ ቁሊቶና በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ፣ ትንሽ ገፋ ብሎ ደግሞ ላንጋኖ።

እስቲ እንዲህ እናስብ። ለመሳላ በዓል ከዱባይ የመጣች አክስት ሻንጣዋን ስትከፍት የሚያብረቀርቅ የዓሣ ጅራት ታወጣለች። እዚያ ሳለች ለጀማሪዎች በተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ ግማሽ ቀን ሜርሜድ ሆና ዋኝታለች፤ በውሃ ውስጥ የተነሳችው ፎቶም ስልኳ ላይ አለ። «ሐዋሳ ስንሄድ እናንተም ለብሳችሁ ትነሳላችሁ!» ትላለች። ልጆቹ በደስታ ይዘላሉ።

ታዲያ ይቻላል? ይቻላል፤ ግን ጅራቱን እንጂ ውሃውን ይዛ አልመጣችም። አክስት የዋኘችበት ባሕርና የእኛ ሐይቅ ቢያንስ በሦስት ነገር ይለያያሉ፤ በአየሩ፣ በውሃው ክብደትና በውሃው ጥራት። እነዚህን ሦስቱን ያላወቀ ሰው ለአንድ ፎቶ ብሎ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እየተዝናኑ በሰላም ለመመለስ ምን ማወቅ እንዳለባችሁ አብረን እንይ።

ግማሽ ዓሣ ሳይሆን ግማሽ ዶልፊን

ሜርሜድ ሲባል ከወገብ በላይ ሰው፣ ከወገብ በታች ዓሣ የሆነች የተረት ፍጡር ናት። ሥነ ሕይወት ግን ትንሽ እርማት አለው። ዓሣ ስትዋኝ ጅራቷን የምታወዛውዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው። ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚመቱት። ምክንያቱ የዘር ሐረጋቸው ነው። ቅድመ አያቶቻቸው በምድር ላይ በአራት እግር የሚሄዱ አጥቢ እንስሳት ነበሩ፤ የሚሮጥ አጥቢ እንስሳ ጀርባው የሚታጠፈውና የሚዘረጋው ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። የእኛም አከርካሪ ለዚህ ዓይነቱ እንቅስቃሴ ይመቻል።

ስለዚህ ሰው የሚለብሰው ጅራት ውስጥ ያለው ክንፍ እንደ ዶልፊን ጅራት አግድም የተዘረጋ ነው። ሞኖፊን ይባላል፤ ሁለቱም እግሮች ጎን ለጎን የሚገቡበት አንድ ሰፊ ክንፍ ነው። እንቅስቃሴው ከደረት ይጀምርና በወገብ አልፎ፣ በጉልበት በኩል እንደ ማዕበል ወርዶ ክንፉ ላይ ያበቃል። ክንፉ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ውሃውም በተራው እናንተን ወደ ፊት ይገፋል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ከጉልበት ብቻ በመምታት ነው፤ ያኔ እግር ይደክማል እንጂ ሰውነት ወደ ፊት አይሄድም።

ይህ አመታት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በውድድር ዋና በነጻ፣ በጀርባና በቢራቢሮ ስልት የሚወዳደር ዋናተኛ ከመነሻውና ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በኋላ ከ15 ሜትር በላይ በውሃ ውስጥ እንዳይሄድ ሕጉ ይከለክለዋል። ገደቡ እንዲመጣ ያደረገው ይኸው የዶልፊን አመታት ነው፤ አንዳንዶች ከላይ ከመዋኘት ይልቅ በውስጥ መሄድ እያዋጣቸው መጥቶ ነበር።

የታሰረ እግር

ዋና የማይችል ሰው ውሃ ውስጥ ሲደናገጥ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ነገር አለ፤ እግሩን እንደ ሩጫ ያፈራርቃል፣ መሬት ይፈልጋል። ጅራት ውስጥ ግን ይህ አይቻልም። ሁለቱ እግሮች አንድ ሆነዋል፤ ጥልቀቱ እስከ ወገብ ብቻ ቢሆን እንኳ ቀጥ ብሎ መቆም ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት የካናዳዋ ኤድመንተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 በሕዝብ መዋኛዎቿ ውስጥ ጅራቱን ከልክላ ነበር።

እዚህ ላይ የውሃው ክብደት ይመጣል። አንድ ሊትር ጨዋማ የባሕር ውሃ ከአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 25 ግራም ያህል ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ ወደ 60 ሊትር ውሃ ይገፋል፤ ስለዚህ ባሕር ከሐይቅ ይልቅ 1.5 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ድጋፍ ይሰጠዋል ማለት ነው። አክስት ባሕር ላይ «ዝም ብዬ ተንሳፈፍኩ» ብትል እውነቷን ነው። ሐዋሳ ላይ ግን ያው ሰውነት፣ ያው ጅራት ወደ ታች ሊያዘነብል ይችላል።

አንድ እስትንፋስ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በደንብ አንብቡት።

እስትንፋሳችሁን ይዛችሁ ስትቆዩ «ተንፍስ! ተንፍስ!» የሚለው ስሜት ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ኦክስጅን ስለሚያልቅ ይመስለዋል። በዋናነት ግን ስሜቱን የሚቀሰቅሰው በደም ውስጥ እየተጠራቀመ የሚሄደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንጎል ይህን ጋዝ እየለካ ነው ማንቂያውን የሚደውለው።

ከመጥለቃቸው በፊት ደጋግመው በኃይል የሚተነፍሱ ሰዎች አሉ፤ «አየር ልሰብስብ» ብለው። እንዲህ ሲያደርጉ ደማቸው ውስጥ የሚጨምረው ኦክስጅን ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ምክንያቱም ጤናማ ሰው በተለመደው አተነፋፈሱም ደሙ በኦክስጅን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በብዛት የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ማንቂያው ይዘገያል፤ ኦክስጅኑ ግን በሰዓቱ ያልቃል። ሰውየው ምንም ጭንቀት ሳይሰማው፣ ደስ እያለው፣ ድንገት ራሱን ይስታል። ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ የውሃው ግፊት ስለሚቀንስ በሳንባው ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ግፊትም አብሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አደጋው የሚደርሰው ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ነው። ጥሩ ዋናተኞችም በዚህ መንገድ ሞተዋል።

ከፍታውን ጨምሩበት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። እዚያ በአንድ እስትንፋስ የምናስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከምናስገባው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። «ዱባይ 40 ሰከንድ ቆይቻለሁ» የምትል አክስት ያንኑ ቁጥር ሐዋሳ ላይ ልድገመው ብትል ስሌቷ ተሳስቷል። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ሳንባችን ጠንካራ ነው» የሚለውም አያድንም። ከፍታውን መልመድ ለሩጫና ለሥራ ይጠቅማል፤ ከውሃ በታች ግን ያላችሁ ያው አንድ እስትንፋስ ነው፤ ራስን መሳትንም የለመደ አንጎል የለም።

ስለዚህ ሦስት ሕጎች፦ ከመጥለቃችሁ በፊት ደጋግማችሁ በኃይል አትተንፍሱ፤ ረጋ ብላችሁ ቆይታችሁ አንድ ጊዜ ሳቡና ግቡ። ለጀማሪ ፎቶ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል፤ ከዚያ ቢያንስ የቆያችሁበትን ጊዜ እጥፍ ከላይ እረፉ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሥራው እናንተን ማየት ብቻ የሆነ፣ ዋና የሚችል ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ፎቶ አንሺው አይቆጠርም፤ የእሱ ዐይን ፎቶው ላይ ነው።

ጆሮና ዐይን

ሁለት ሜትር ያህል ስትወርዱ ጆሯችሁን ጫን የሚያደርግ ነገር ይሰማችኋል። ውሃው የጆሮ ታምቡራችሁን ወደ ውስጥ እየገፋው ነው። መፍትሔው አፍንጫን በጣት ይዞ፣ አፍን ዘግቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫ አየር መግፋት ነው። ይህን ሕመም ሳይጀምር ነው የምታደርጉት። ጉንፋን ከያዛችሁ ግን ዛሬን ተዉት። በእልህ መግፋት ታምቡርን ሊቀድ ይችላል።

ዐይንን ደግሞ እንይ። የሜርሜድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ያለ መነጽር ነው የሚነሳው። የሰው ዐይን ብርሃንን የሚያጥፈው በአብዛኛው ከፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ በኮርኒያ ነው። ኮርኒያ ይህን የሚችለው ከፊቱ አየር ስላለ ነው። ከፊቱ ውሃ ሲሆን ግን ሁለቱ ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን ስለሚቀራረብ ኃይሉን ያጣል፤ ዓለም ሁሉ ይደበዝዛል። መነጽር አድርጋችሁ ብትገቡ ደግሞ ነገሮች በአንድ ሦስተኛ ያህል ተልቀው፣ ቀረብ ብለውም ይታያሉ።

ደስ የሚል ነገር ልጨምር። በታይላንድ ዳርቻ ባሕር ላይ የሚኖሩት የሞከን ሕዝብ ልጆች ውሃ ውስጥ ያለ መነጽር ከአውሮፓውያን ልጆች በእጥፍ የተሻለ እንደሚያዩ ስዊድናዊቷ ተመራማሪ አና ጊስሌን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳይታለች። ምስጢሩ የዐይናቸውን ብሌን እጅግ ማጥበባቸውና ትኩረታቸውን ማስተካከል መቻላቸው ነው። በኋላ የአውሮፓ ልጆችም በልምምድ ይህንኑ ማዳበር እንደሚችሉ ታይቷል።

ለፎቶው ግን የእናንተ ማየት አስፈላጊ አይደለም። ካሜራውን ሳይሆን ብርሃኑ ወደሚመጣበት፣ ወደ ላይ ተመልከቱ። ፊታችሁን አላሉት፤ ቅንድብ ሲኮማተር ፍርሃት ይታያል።

ካሜራው ምን ያያል?

ውሃ ቀለማትን እኩል አያሳልፍም። መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ነው፤ ጥቂት ሜትሮች ሲወረድ ቀይ ጅራት ቡናማ ወይም ግራጫ ይመስላል። ስለዚህ ጥልቀት አትፈልጉ። ጥሩ የጀማሪ ፎቶ የሚነሳው በአንድ ሜትር ተኩል ውሃ ውስጥ፣ ፀሐይ ከፍ ባለችበት ሰዓት፣ ካሜራው በጣም ቀርቦ ነው።

ሁለተኛው ጠላት በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደለል ነው። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ የሆነው በጣም ደቃቅ አፈር ተንሳፍፎበት ስለሚቆይ ነው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን ማየት ያስቸግራችኋል። እዚያ የውሃ ውስጥ ፎቶ አይታሰብም። ከፎቶው ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፤ ካሜራ የማያያችሁ ቦታ አዳኝም አያያችሁም። ሐዋሳም በአልጌና በደለል ምክንያት ጥርት ያለ አይደለም፤ ጉማሬም አለበት። ረግረግና ቄጠማ ባለበት ዳርቻ ደግሞ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አባያና ጫሞ አዞ ስላለባቸው ጨርሶ አይነሱ።

ስለዚህ መልሱ ግልጽ ነው፤ ጅራቱ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ይለበስ፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ አሸዋ ላይ ተቀምጣችሁ ተነሱ። ስልካችሁ «ውሃ አይገባውም» ቢባልም ፍተሻው የሚደረገው በንጹሕ ውሃና ለተወሰነ ጊዜ ነው። ስክሪኑም ውሃ ውስጥ ጣትን በትክክል አይለይም፤ በድምፅ ማስተካከያው ቁልፍ አንሱ።

ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ያለ ጅራት። በጀርባ መንሳፈፍ፣ በሆድ መንሳፈፍና ገንዳውን ሳያቋርጡ መዋኘት የማይችል ሰው ጅራት አይልበስ፤ ለእሱ የዘንድሮው ዕረፍት ዋና የሚማርበት ይሁን። ቀጥሎ እግርን ገጥሞ የዶልፊን አመታትን መለማመድ። ከዚያ ጅራቱን ዳር ተቀምጦ መልበስ፤ ከመዋኘታችሁ በፊትም ውሃ ውስጥ ማውለቅን ደጋግሞ መሞከር። በጥቂት ሰከንድ ማውለቅ ካቃታችሁ አልተዘጋጃችሁም። ፎቶው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ለጠባቂው ደግሞ ቀላል መሣሪያ እንስጠው። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በገመድ ታስሮ ዳር ይቀመጥ። ወደ 19 ኪሎ ያህል የመደገፍ ኃይል አለው፤ የሰውን ጭንቅላት ከውሃ በላይ ለማቆየት ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ሰው ሲሰምጥ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አይችልም። ያኔ ዘሎ ከመግባት መወርወርና መጎተት ይቀድማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፤ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዋና ሳይማሩ ያደጉ ልጆች ቁጥር ውስጥ የእኛም አሉ።

አክስት ያመጣችው ጅራት ታዲያ ጥሩ ሰበብ ሊሆን ይችላል። «መጀመሪያ ሃያ አምስት ሜትር ዋኝታችሁ አሳዩኝ፣ ከዚያ ትለብሳላችሁ» ብትላቸው ልጆቹ ፎቶውንም ያገኛሉ፣ ዕድሜ ልክ የሚጠብቃቸውን ችሎታም ይዘው ዱራሜ ይመለሳሉ።